የዘሃራ ቤት የጾም ድስት

ዓርብ፣ መጋቢት ፲፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም. ጠዋት።

ይህን መጻፍ ትንሽ ያሳፍረኛል። ደስ ብሎኛል። በዚህ ወራት ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺ ብቻ ነው፣ ደብተሬ።

ውኃ ቀድቼ አሁን ተመለስኩ። ጀርባዬ ከእንስራው ርሷል። ሠራተኛችን ብዙነሽ ምስር ትለቅማለች። እኔ ጓዳ ውስጥ እህል የማበጥር መስዬያታለሁ።

እናቴ ትናንት ወደ ደብረ ሲና ወጣች። እኅቴ ልትወልድ ነው። አጎቴ ጋሼ መኰንን፣ እናቷ ከሌለች ልጅቱ እዚህ አታድርም አሉ። ማታ ማታ አስካሪዎች፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ይመጣሉ። ከእሳቸው ጋር ይጠጣሉ። አጎቴ የጣልያኑ ሹም አስተርጓሚ ናቸው፤ አስካሪዎቹ ይወዷቸው ወይም ይፈሯቸው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ሁሉንም እፈራለሁ። ሲመጡ የጓዳውን በር በሙቀጫ ደግፌ እቀመጣለሁ።

አባቴ ከዘመቻ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ እንጀራችን የአጎቴ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ እላለሁ።

ስለዚህ ዛሬና ነገ ዘሃራ ቤት አድራለሁ። እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ዘሃራ የጨው ነጋዴው የጋሼ ሰይድ ልጅ ናት። ውኃ ስንቀዳ ነው የተዋወቅነው። እኛ የጣልያኑ ካምፕ ሥር ነን፣ እነሱ ከከተማው ማዶ ጫፍ፣ ወንዙ ዳር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ እዚህ ቆሜ ብጠራት ትሰማኝ ነበር፣ ድምፅ ቢኖረኝ።

እንግዳ ሆነን ሮቢትን እንያት ያለችው እሷ ናት። አንቺ ይህችን ከተማ መች አየሻት አለችኝ። ከቤትሽ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ቤትሽ፣ እንደ ጭነት አህያ። ከደሴ የመጣን እመቤቶች እንሁን አለች። እኔ ገረድሽ ልሁን አልኳት። ገረድ እንኳ ከአንቺ ይልቅ ታወራለች ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚህ በኋላ ዘ. እላታለሁ። ቀለም ይቆጥባል።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅበላ ሰሞን ከደብረ ሲና በታች የጣልያን ካሚዮን ተቃጥሏል። ካቃጠሉት አንዱ ቆስሎ ወደ ቆላው ወረደ ይባላል። አጎቴ ሽፍታ ይሉታል። እናቴ፣ አጎቴ ሲወጡ፣ አርበኛ ትለዋለች። እስከ ዛሬ ይፈለጋል። የደበቀው ሰው ቤቱ ይቃጠላል ተብሎ ገበያ ላይ ተለፍፏል። በመንገድ ባገኘውስ እያልኩ እፈራለሁ። ምን አደርጋለሁ? ምንም። አላገኘውም።

ብዙነሽ ጠራችኝ።


ዓርብ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። ዘ. ቤት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። መንገዱን ሁሉ የተጨነቅኩት በምግብ ነበር። እስላም ቤት ነው፤ ላሞች አሏቸው። ሁዳዴ መሆኑን ረስተው ወተት ቢሰጡኝስ? አልጠጣም ማለት አልችልም። ሰው ፊት እንቢ ብዬ አላውቅም።

ምግቡ ግን ተሠርቶ ጠበቀኝ። ሽሮ በዘይት፣ የሱፍ ፍትፍት። የዘ. እናት እትዬ ፋጡማ፣ «ለአንቺ ስል አዲስ ድስት አሟሸሁ፤ ቅቤም ሥጋም አልነካውም፣ ወላሂ፤ በልተሽ ጥገቢ» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ጎንበስ ብዬ በላሁ።

ልጠብላቸው ድስቱን አነሣሁ። ውስጡ ንጹሕ ነው። ቂጡ ግን ከሰል መስሏል። ጣቴን ሳሳልፍበት ጥላሸቱ ይፈረፈራል። አንድ ቀን የተጣደ ድስት እንዲህ ይጠቁራል? እትዬ ፋጡማ ቶሎ ብለው ከእጄ ወሰዱት። እንግዳ ዕቃ አያጥብም አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። እጃቸው ግን ቸኩሏል።

ጋሼ ሰይድ የሉም፤ ለንግድ ማጀቴ ገበያ ሄደዋል። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሙቀቱ ስለማያስተኛ ጠፍር አልጋው ግራሩ ሥር ወጥቷል፤ እኔና ዘ. እዚያ እንተኛለን። ሰማይ እያየሁ ተኝቼ አላውቅም። ግቢው መጨረሻ ላይ የእህል ጎጆ አለች፣ በሯ የተዘጋ። እዚያ ማን ያድራል ብዬ ጠየቅኩ። «ማሽላና ጨው። ሌሊት ሌሊት ይጣላሉ፤ ድምፅ ብትሰሚ እንዳትነሺ» አለች ዘ.። ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አልጋውን አነጠፈች።


ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲፯። ከሰዓት በኋላ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ድንቅ ነበር። ዘ. የእናቷን የሐር ሻሽ አሰረች። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ። ከደሴ የመጣን ነን። በእያንዳንዱ ነገር መገረም አለብን፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ኧረ ይቺ ምን የምትባል ዛፍ ናት? ኧረ ይህ ሙቀት እንዴት ያለ ነው? በየቀኑ የማልፍበትን መንገድ ዛሬ አየሁት። የዐረቡ ሱቅ በር ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ። መች ተቀባ?

ዐረቡ ጋ ገባን። ዘ. ጨርቅ እየዳሰሰች በደሴ ሴት አነጋገር ዋጋ ተከራከረች። አሮጌው ዐረብ እየሰማ እየሰማ ቆይቶ፣ «የሰይድ ልጅ፣ አባትሽ ደኅና ነው?» አላት። እኔ ከጨርቁ ጀርባ ተደበቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ ያለ ድምፅ።

ሸንኮራ ገዝታልኝ እየመጠጥን ወደ አዲሱ ድልድይ ሄድን። ጣልያን የሠራው ነው። ካሚዮኖቹ ሲያልፉበት ሥሩ ቆሞ መስማት ነጎድጓድ ይመስላል። ዘ. ይህንን ልታሳየኝ ነበር።

አስካሪ ቆሟል። ሁለታችንንም አየን። ከየት ናችሁ አለ። ዘ. ጨዋታው ከአፏ ስላልወጣ፣ «ከደሴ» አለችው።

የይለፍ ወረቀት አምጡ አለ።

ዘ. አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሸንኮራዋ ወደቀች። እዚሁ ነን፣ ስንጫወት ነው አለች፤ ጨዋታ ብለሽ ትዋሻለሽ አላት። በቅበላ ጊዜ ለቆሰለው ሰው ሴቶች ምግብ ያመላልሱለታል ይባላል አለ። ዘ. እንደዚያ ስትገረጣ አይቼ አላውቅም። እኔን፣ አንቺስ አለኝ። ተናገርኩ። አልተሰማም። ጩኺ አለ። ስሜን አልኩ። እንደገና አልተሰማም። ከዚያ ጠጋ ብሎ ፊቴን አየና ሳቀ። «የአስተርጓሚው ልጅ አይደለሽም እንዴ? ሙቀጫ ደግፋ የምትቀመጠዋ!» በእጁ እለፉ አለን።

ሙቀጫውን ያውቃል። በሩን ስደግፍ ይሰሙኛል ማለት ነው። ይስቁብኛል።

ወደ ወንዙ ወረድን። ከዚያ ዘ. ውኃ ረጨችኝና፣ «ያንቺ ዝምታ ከይለፍ ወረቀት ይበልጣል» አለች። ሳቅን። የሴቶቹ መታጠቢያ ላይ ከነቀሚሳችን ተዘፍቀን ቆየን። ውኃው ለብ ያለ ነው። ግን የዘ. ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር። ለምን ይህን ያህል ፈራች? ከእኔ በላይ። እሷ እኮ ምንም አትፈራም።

አሁን እትዬ ፋጡማ እንሶስላ እየወቀጡ ነው። እንዲቀላ እጅና እግራችንን በእሱ ሊያስሩልን። ከታሰርኩ በኋላ መጻፍ አልችልም።


እሑድ፣ መጋቢት ፲፰። ጠዋት።

እጄ ቀልቷል። እስከ ጥፍሬ ሥር። በጣም ያምራል። ትናንት ማታ በጨርቅ የታሰረ እጃችንን ወደ ላይ አድርገን ተኛን፤ ዘ. እንደ ተማረክን ነው አለች። እትዬ ፋጡማ በእጃቸው አጎረሱን።

ደብረ ዘይት ነው ዛሬ። ቤተ ክርስቲያን አለመሄዴ ይከብደኛል። ካምፑን አልፌ ብቻዬን መሄድ ግን አልችልም።

ያየሁትን ልጻፍ? ትናንት ፍትፍቱ ሁለት ቦታ ቀረበ። አንዱ ለእኔ። አንዱን እትዬ ፋጡማ ሸፍነው ወደ ጎጆዋ ይዘውት ሄዱ። ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ማሽላና ጨው ፍትፍት አይበሉም።

አላየሁም። እጄ ታስሮ ነበር፤ ዓይኔም ታስሮ ነበር እላለሁ።


እሑድ፣ ቀትር።

ካልጻፍኩት ከአፌ ያመልጠኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እትዬ ፋጡማ ሙቀቱ ጥሏቸው ተኝተዋል። ዘ. ወንዝ ወርዳለች። እኔ ጥላ ፍለጋ በጎጆዋ ጀርባ ዞርኩ። ድምፅ ሰማሁ። ሰው ያንሾካሹካል። ወንድ። መጀመሪያ መሮጥ ፈለግኩ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ የሚለውን ለየሁ። ውዳሴ ማርያም ነው። የእሑዱን። የኔታ ፊደል አስቆጥረውኝ፣ ዳዊት ሳልጀምር ጦርነቱ አስቆመኝ እንጂ ውዳሴ ማርያምን በቃሌ አውቀዋለሁ። እናቴም በየጠዋቱ ትለዋለች። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አመመው። አቃሰተ። ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ።

በእስላም ግቢ ውስጥ ክርስቲያን ይጸልያል። በግድግዳው በዚህ በኩል የእኔ ከንፈር አብሮት ይንቀሳቀሳል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።

ዞር ስል ዘ. እንስራዋን እንዳዘለች ቆማለች። ፊቷ የትናንቱ የድልድይ ፊት ነው።

«ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«ጎሽ» አለች። እንስራዋን አወረደች። ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባቴ ከመንገድ ዳር አንሥቶ በጨው ጭነት መሐል አመጣው፤ የቆሰለው እግሩ ነው፤ አሁን በምርኩዝ መቆም ጀምሯል» አለች። ስሙን አልነገረችኝም። አልጠየቅኩም።

ከዚያ ሎሚ ሰጠችኝ። ተቀምጠን ሎሚ መጠጥን፣ እንደ እንግዶች። ስለ ዐረቡ አወራች። ሳቅኩላት።


እሑድ፣ ማታ። ቤት።

ምን አደረግኩ።

ስወጣ እትዬ ፋጡማ ቀይ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እንሶስላው እስኪለቅ ድረስ እንግዳዬ ነሽ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እያልኩ መጣሁ። ስለ ጎጆዋ ምንም። ስለ ጎጆዋ ምንም። ስለ ጎጆዋ ምንም።

አጎቴ ራት ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ደስ ብሏቸዋል። እጄን አይተው፣ ሙሽራ መስለሽ መጣሽ አሉ። ከዚያ በቀልድ፣ «እንግዲህ የሰይድ ሚስት ሁዳዴሽን በወተት አስፈታችሽ በይኛ» አሉኝ።

ለእነሱ ተቆረቆርኩ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ድምፄ ጠርቶ ወጣ። የለም አልኩ፣ አላስፈቱኝም፤ ለጾም ብቻ የለዩት ድስት አላቸው፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ ቂጡ እንኳ ጠቁሯል አልኩ።

ቂጡ እንኳ ጠቁሯል።

አጎቴ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ጠቁሯል? አሉ። ከዚያ ዋጡ። እኔን እንኳ አላዩኝም።

ትልቁን ነገር በሁለት እጄ ይዤ ትንሹን ከአፌ ጣልኩት። እስላም ቤት የጾም ድስት ለማን ይጠቁራል? እኔ ዓርብ ነው የሄድኩት።

ምናልባት ይረሱታል። ጠጥተዋል። ምናልባት ስለ ድስት አያስቡም፤ ወንድ ናቸው።


ሰኞ፣ መጋቢት ፲፱። ጠዋት።

አልረሱም።

ፊታቸውን ሲታጠቡ ብዙነሽ ውኃ ታፈስላቸው ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ። አጎቴ እንደ ቀልድ አድርገው፣ «ብዙነሽ፣ አዲስ ሸክላ ስንት ጊዜ ሲጣድ ነው ቂጡ የሚከስለው?» አሏት።

ብዙነሽ ስለ ድስት የጠየቃት ሰው ስለሌለ ደስ አላት። በደረቅ እንጨት ከሆነ ይዘገያል፣ በኩበት ከሆነ ይፈጥናል አለች። ይኸው የእኛው የጾም ድስት፣ የገዛሁት በቅበላ ማግስት ነው፣ አሁን ገና በደንብ ጠቆረ አለች። ይዛ መጣች፤ ገልብጣ አሳየቻቸው።

አጎቴ አዩት። «በቅበላ ማግስት» አሉ። ፊታቸውን ሳያብሱ ቆዩ። ውኃው ከጺማቸው ይንጠባጠባል።

ከዚያ ወደ ካምፕ ሄዱ። ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ እንደ ሌላው ቀን።

ብዙነሽ አጎትሽ ምን ነካቸው አለችኝ። አላውቅም አልኩ።

ዘ. ጋ መሄድ አለብኝ። ካምፑ በር ላይ ግን ሁለት አስካሪዎች ቆመዋል፣ መንገዱን ያያሉ። እግሬ ከደጃፉ አልፎ ተመለሰ። እንደገና አልፎ ተመለሰ። ደካማ ነኝ። ይህን ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም።


ሰኞ፣ ሊመሽ ሲል።

አጎቴ ቀደም ብለው መጡ። ብቻቸውን። አስካሪዎቹን ዛሬ አትምጡ ብለዋቸዋል። አልጠጡም። ጠሩኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ።

ከእኔ በፊት የነበረው አስተርጓሚ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እኔም አላውቅም አሉ። አንድ ነገር ሰምቶ ሳይናገር ቀረ ተባለ፤ በካሚዮን ወሰዱት አሉ። ከዚያ ነገ ረፋዱ ላይ ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ይፈተሻሉ፤ ሹሙ ራሱ ይወርዳል፤ እኔም አብሬ አለሁ አሉ።

«ነገ ዘሃራ ጋ እንዳትሄጂ» አሉኝ።

ዓይናቸውን አየሁ። በሕይወቴ ትክ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። የሚፈራ ሰው ዓይን ነው፤ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ዓይን ነው። አትሂጂ ሲሉ አትሂጂ ማለታቸው ነው? ወይስ አሁን አውቀሻል፣ ጊዜ አለሽ ማለታቸው? ለሹሙ የነገሩት እሳቸው ናቸው ወይስ ሹሙ በሌላ ሰው ሰማ? አልጠየቅኩም። መጠየቅ አልችልም።

እሺ ጋሼ አልኩ። እሺ ስል አይከብደኝም።

ስለዚህ አሰብኩ። ብዙ ጊዜ አሰብኩ፣ ምስር እየለቀምኩ። ሰውየው በምርኩዝ መቆም ጀምሯል፤ ቀድሞ ከተነገረው ወንዙን ይዞ ወደ ጫካው ይገባል። ዘ. ታደርሰዋለች፤ መንገዱን ታውቃለች። ግን የተኛበት ቁርበት ይቀራል። ጎጆዋ የሰው ሽታ አላት። ድስቱ ይቀራል። ቢሰብሩት ስባሪው ይገኛል፣ ቢያጥቡት ያ ጥላሸት በአንድ ጠዋት አይለቅም። ደግሞ አሁን ይጠየቃል፤ እኔ ነኝ ያስጠየቅኩት። ጠቆረ ያልኩት ድስት ከጠፋ ይብሳል።

ድስቱ ባለቤት ያስፈልገዋል። ጿሚ ያስፈልገዋል።

ነገ ጎህ ሳይቀድ እንስራዬን አዝዬ እወጣለሁ። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ውኃ ስለምወርድ አስካሪዎቹ አይተውኝ አያዩኝም። ለዘ. እነግራታለሁ። ቀጥዬ ግን ወደ ቤት አልመለስም። ጎጆዋ ውስጥ እገባለሁ። ቁርበቱ ላይ እቀመጣለሁ። ድስቱን ፊቴ አደርጋለሁ። ሹሙ መጥቶ ይህ የማን ነው ሲል የእኔ ነው እላለሁ። ከቅበላ ማግስት ጀምሬ እዚህ እየመጣሁ እጾማለሁ፣ ቤታችን አስካሪ ስለሚበዛ እፈራለሁ፣ እዚህ ሸሽቼ አርፋለሁ እላለሁ። መፍራቴ እውነት ነው። አስካሪዎቹም ሙቀጫውን ያውቃሉ።

ሹሙ አማርኛ አይሰማም። የምለውን ወደ ጣልያንኛ የሚመልሱለት አጎቴ ናቸው። ጾሙን በሙሉ በእሳቸው ገበታ እንደበላሁ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ይተረጉሙታል፣ ወይም አይተረጉሙትም። ይህ የእሳቸው ነው። የእኔ መናገሩ ነው።

በጣም እፈራለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ መስመሩ ይጣመምብኛል። ድምፄ አይወጣ ይሆናል፤ በድልድዩ ላይ አልወጣም። ስለዚህ አሁን በሹክሹክታ እየተለማመድኩ ነው። የእኔ ነው። ድስቱ የእኔ ነው።

እጄን በኩራዙ ብርሃን አየሁት። እንሶስላው ገና አልለቀቀም። እስኪለቅ ድረስ እንግዳቸው ነኝ።

ነገ ሹሙ ጩኺ ካለኝ እጮኻለሁ።